የንብረት ቁጥር 417

ባቡሩ ሲቆም የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ተሸጠ፤
ወንበሩ፣ ካዝናው፣ የግድግዳ ሰዓቱ ለጨረታ ተቀመጠ።
ሌላው ሰው ብረት ሲመርጥ፣ ሲያስመዝን በኪሎ፣
አባቴ ሣጥን ይዞ ገባ፣ ጋሪ ነጂውን ‹‹ቀስ!›› ብሎ።

ኮምፒውተር ነው። ነበር።
በሰማንያዎቹ መጨረሻ በመርከብ የመጣ፣
ያኔ ነጭ ነበር አሉ፤
አሁን የከዚራን ግድግዳ መስሏል፣ ፀሐይ የጠጣ።
ከፊቱ ሁለት የዲስኬት አፍ፣
ከጎኑ በቀይ ቀለም፦ ም.ባ. የንብረት ቁጥር 417።
ከኋላው ተቀምጦ አሥራ አንድ ዓመት
ፉርጎ ቆጥሯል አባቴ፦ ጨው፣ ሲሚንቶ፣ ሽንኩርት፣ ከብት።

አሥራ ስድስት ዓመት ደግሞ ከአልጋው ራስጌ ተኛ።
እናቴ የተተኮሰ ልብስ ደረደረችበት፣ ድመት ወለደችበት፤
‹‹ይነሳል›› ይል ነበር አባቴ፤
ስለ ሣጥኑ ይሁን ስለ ባቡሩ፣ አልገባንም እኛ።

በሞባይል ጥገና ሦስት ዓመት ያጠራቀምሁትን
ለኸድራ ሰጠኋት።
ከጅቡቲ ስትመለስ ግራፊክስ ካርዱን
በሕፃን ፎጣ ጠቅልላ፣ አቅፋ፣
‹‹አቦ፣ ይኼ ነገር ያለቅሳል?›› አለችኝ።
ማዘርቦርዱን ከታይዋን ገበያ ተከራክሬ ገዛሁ፤
ፓወር ሳፕላዩን ከተዘጋ ጌም ቤት በዱቤ አወረድሁ።

አዲስ ኬዝ ሞልቷል፤ ጎኑ መስታወት፣
ሰባት ዓይነት መብራት የሚያበራ፣ ሠርግ ቤት የሚመስል።
አላማረኝም።
እውነቱን ልናገር፦ ብሩም አልቆብኝ ነበር።

ክዳኑን ስከፍት የወጣው አቧራ
የዛሬ አቧራ አይደለም፤
የካርቦን ወረቀት ይሸታል።
አንድ የደረቀ በረሮ፣ የቲኬት ጉራጅ፣
በአባቴ እጅ የተጻፈ ብጣሽ፦
‹‹ከአይሻ የተነሣ 23። የደረሰ 22።››
መልሼ ከነበረበት አስቀመጥሁት።

ካርዱ ግን ረዘመ። በሦስት ጣት።
የዲስኬቱ መደርደሪያ እንደ ኬላ ጠባቂ
መሃል ቆሞ ‹‹አያልፍም!›› አለ።
ረምዚ ግራይንደሩን አንጠልጥሎ መጣ።
አባቴ ሽርጡን እያጠበቀ በሩ ላይ ቆሟል፤
ቀና ብዬ አላየሁትም።
‹‹ጋሽ ወርዶፋ፣ እንቁረጠው?››
ዝም።
ከሸሚዝ ኪሱ እርሳስ አወጣ፣ ጫፉን ምላሱ ላይ አርሶ
መስመሩን ራሱ አሰመረ፤ የሒሳብ ሠራተኛ መስመር፣ ቀጥ ያለ።
‹‹ከዚህ። ቁጥሩን እንዳትነኩት ግን፤ ንብረት ነው›› አለ።

ድሬ ናት፤ ግንቦት ነው፤ ግድግዳው እሳት ይተነፍሳል፤
ለሰው ያልበቃ ነፋስ ለብረት ከየት ይደርሳል?
የጀርባውን ቆርቆሮ እንደ ወንፊት በስቼ
ሦስት ፋን ገጠምሁለት።
ወንድሜ ቀና፤ ‹‹ከኔ ክፍል ይሻላል›› አለ።

አባቴ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፦
ከፊት ያለችው አረንጓዴ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል መብራት
እንደ ድሮዋ ብልጭ ትበል።
‹‹ሲያስብ ነበር የምትበራው።››
በሁለት ቀጫጭን ሽቦ እስኪነጋ ታገልሁላት።

ሐሙስ ማታ ተነሣ።
አባቴ አላጨበጨበም። መነጽሩን ጠርጎ ወንበር ሳበ።
የጭነት መኪና ጨዋታ ከፈትሁለት፤ አገሩ በረዶ፣
መንገዱ ጭር ያለ።
ቀስ ብሎ ነዳ፣ ጥሩምባ እየነፋ ለማንም፤
የሐዲድ ማቋረጫው ላይ አጥሩ ወረደ።
‹‹እለፈው አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው፣ አትሞትም!››
አላለፈም። ሞተሩን አጠፋ።
ባቡሩ መጣ።
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ፤
አረንጓዴዋ ብልጭ፣ ብልጭ፤
አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሃያ አንድ።
ሃያ ሁለት —

መብራት ሄደ።
ለገሃሬ በሙሉ ጨለመ። ፋኖቹ እያዘገሙ ቆሙ።
ወንድሜ ተሳደበ፤ እኔ ሻማ ፍለጋ ልነሣ ስል
በጨለማው ውስጥ የአባቴ እጅ ክንዴን ያዘ፦
‹‹ቆዪ፣ አንድ ይቀራል።››